ከዕውቅና ወደ ውል፣ ከውል ወደ ዕዳ፦ የቻይና ዲፕሎማሲ ተለዋዋጭ ሚና ከዱከም ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዱከም የሚገኘው ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው ከኢንቨስትመንትና ከሥራ ዕድል አንጻር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ዞኑን እንደ ዲፕሎማሲ ውጤት ይመለከተዋል። ዲፕሎማሲ በቻይና የውጭ ፖሊሲ ውስጥ ያለው ሚና በሦስት ምዕራፎች መለወጡን ካሳየ በኋላ፣ ለውጡ ከኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ምን እንደሚጠይቅ ያመለክታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕውቅና

የመጀመሪያው ምዕራፍ ዓላማ ዕውቅና ማግኘት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በ1964 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ሁለቱ አገሮች ገና መደበኛ ግንኙነት አልነበራቸውም፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም ከአሥር ዓመት በፊት በኮሪያ ከቻይና ሠራዊት በተቃራኒ ተሰልፈው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዳቸውን የተቀበሉት በአዲስ አበባ ሳይሆን በአስመራ ነበር። ግንኙነቱ በኅዳር 1970 ተመሠረተ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1971 ቤይጂንግን ጎበኙ፤ በዚያው ወር ኢትዮጵያ ሕዝባዊት ቻይና በተባበሩት መንግሥታት መቀመጫዋን እንድትይዝ ድምፅ ሰጠች። በዚህ ወቅት የዲፕሎማሲ ፍሬ የሚለካው በድምፅ ነበር።

ውል

ሁለተኛው ምዕራፍ በ2000 ከተመሠረተው የቻይና አፍሪካ ትብብር ፎረም ጋር ይያያዛል። በኅዳር 2006 በተካሄደው የቤይጂንግ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ በአፍሪካ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ የንግድና የኢኮኖሚ ትብብር ዞኖች እንደሚቋቋሙ አስታወቁ። የዱከሙ ዞን የዚህ ዕቅድ አካል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የአፈጻጸሙ መንገድ ነው፤ ፕሮጀክቱን የመረጠው የቻይና ንግድ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ያለማው የጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የግል ኩባንያ ነው። በኢትዮጵያም በኩል ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2011 ወደ ሼንዠን ተጉዘው የጫማ አምራቾችን ጋብዘዋል፤ ሁዋጂያን በጥር 2012 በዱከም ማምረት ጀምሯል።

በዚህ ምዕራፍ የዲፕሎማሲ ቃል የሚፈጸመው በመሬት ሊዝ፣ በቀረጥ መብትና በሥራ ውል ነው። ለትርፍ የመጣ ኩባንያ የአገሩን ስም ይዞ ስለሚንቀሳቀስ፣ የደመወዝ ወይም የመሬት ካሣ ጥያቄ ከቅጥሩ ወጥቶ የሁለቱ አገሮች ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ዕዳ

ሦስተኛው ምዕራፍ የአበዳሪነት ነው። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰውና በጥቅምት 2016 የተመረቀው የባቡር መስመር ዋና የገንዘብ ምንጭ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነበር። በ2018 የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ኢትዮጵያ በ2021 በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ስትጠይቅ፣ ቻይና ከፈረንሳይ ጋር የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ በጋራ መራች፤ የመርሕ ስምምነት የተደረሰው በመጋቢት 2025 ነው። የሁለትዮሽ ድርድርን የምትመርጠው አገር በዚህ ጉዳይ ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ለመጋራት ተገደደች።

ማጠቃለያ

አዲሱ ምዕራፍ የቀድሞውን አልሻረም፤ ተደረበበት እንጂ። በ2023 ግንኙነቱ ወደ «ሁሉን አቀፍ የማይናወጥ ስትራቴጂያዊ አጋርነት» ደረጃ ከፍ ማለቱ ሲታወጅ፣ የዕዳው ድርድር ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ቻይናን የሚወክለው አካል ኤምባሲው ብቻ አይደለም፤ ሚኒስቴሩ፣ ባንኩና ኩባንያውም ጭምር ናቸው። በእኛም በኩል ጉዳዩ በውጭ ጉዳይ፣ በገንዘብ፣ በኢንቨስትመንትና መሬቱን በሚያስተዳድረው የክልል መዋቅር ተከፋፍሏል። አንዱ መሥሪያ ቤት የፈረመውን ሌላው ካላወቀ፣ በአንዱ ጠረጴዛ የተገኘው ጥቅም በሌላው ሊታጣ ይችላል። የመስኩ ተመራማሪም የጋራ መግለጫዎችን ብቻ ሳይሆን የብድር ስምምነቶችንና የዱከም የሊዝ መዛግብትን እንደ ዲፕሎማሲ ሰነድ ማንበብ ይጠበቅበታል።