«ውሻ ይፈቀዳል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ቤተሰቦች ድንኳን ጭነው ወይም አርቪ ተከራይተው ከከተማ ይወጣሉ። አርቪ መኝታና ማብሰያ ያለው ትልቅ መኪና ነው። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ግን ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ውሻውን የት እናድርገው? ለውሻ ማቆያ መክፈል ውድ ነው። ጎረቤትን ማስቸገርም ይከብዳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ከፍተን «ውሻ ይፈቀዳል» የሚል የካምፕ ቦታ እንፈልጋለን።

እንዲህ የሚሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ትርጉሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዱ ቦታ ውሻው ከእናንተ ጋር ተራራ ይወጣል። በሌላው ቦታ ከካምፑ ርቆ መሄድ አይችልም፤ ብቻውን ታስሮ እንዲውልም አይፈቀድም። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከውሻው ጋር መቅረት አለበት። እኔም ቦታ ስመርጥ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ማን ይቀራል?

እኛ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጄ እና ቡቺ የሚባለው ቡናማ ውሻችን አለን። ባለፈው ዓመት እናቴ ከደብረ ብርሃን ለሦስት ወር መጥታ ነበር። ልጄ ሊያያቸው የሚፈልጋቸውን ፓርኮች ጽፎ ሰጠኝ። ከሁሉም በላይ የጻፈው የሎውስቶንን ነበር። የፓርኩን የውሻ ሕግ ጮክ ብዬ ሳነብለት እናቴ ሰማች፤ ትርጉሙንም ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ ውሻውን እጠብቃለሁ» አለች። ከዚያም ሳቀች። «በኛ አገር ውሻ ነው ሰውን የሚጠብቀው። እዚህ ደግሞ ሰው ውሻ ይጠብቃል!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ነገሩ አሳሰበኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «እናንተ ሂዱ» እያለች የኖረች ሰው ናት። ሰው ሁሉ ሠርግ ሲሄድ ቤት የምትጠብቀው እሷ ናት። ድግስ ሲኖር ከጓዳ የማትወጣው እሷ ናት። ውቅያኖስ ተሻግራ የመጣችው ድንኳን አጠገብ ብቻዋን ለመቀመጥ አይደለም። ስለዚህ ማንም የማይቀርበትን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

ሕጉ እንደ ባለቤቱ ይለያያል

በአሜሪካ የካምፕ ቦታዎች ባለቤቶች የተለያዩ ናቸው። የውሻውም ሕግ እንደ ባለቤቱ ይለያያል።

ብሔራዊ ፓርኮች በመጀመሪያ የሚያስቡት ለዱር እንስሳትና ለተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጥብቅ ናቸው። በየሎውስቶን ውሻ መኪና በሚሄድበት መንገድ፣ በመኪና ማቆሚያና በካምፕ አካባቢ ይፈቀዳል። ከእነዚህ ቦታዎች ከ100 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ30 ሜትር በላይ መራቅ ግን አይችልም። የእግር መንገዶቹና የፍል ውሃው አካባቢ ለውሻ ዝግ ናቸው። ምክንያት አለው። የፍል ውሃው ሰውንም ውሻንም ይገድላል። ድቦችና ተኩላዎችም አሉ።

ሁሉም ብሔራዊ ፓርኮች ግን እንደዚያ አይደሉም። በሜይን ክፍለ ግዛት ያለው አካዲያ ወደ 100 ማይል የሚጠጋ የእግር መንገድ ለውሻ ክፍት አድርጓል። እዚህ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው። ከዚህ ሁሉ ለውሻ የተዘጋው 20 ማይል እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ፓርኮች የውሻው ማሰሪያ ከ6 ጫማ እንዳይበልጥ ያዝዛሉ። ይህም 1.8 ሜትር ያህል ነው።

ብሔራዊ ደኖች ደግሞ ከብሔራዊ ፓርኮች የተለዩ ናቸው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ደኖቹን የሚያስተዳድረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአብዛኛው ለውሻ ቀለል ይላሉ። ብሔራዊ ፓርኩ ውሻ የማያስኬድ ከሆነ አጠገቡ ብሔራዊ ደን መኖሩን ካርታ ላይ ተመልከቱ። ለምሳሌ ከሸናንዶዋ በስተ ምዕራብ የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች አሉ።

አንድ ቦታ ሁለት ሕግ ሊኖረውም ይችላል። አሳቲግ የዱር ፈረሶች የሚኖሩባት ረጅም ደሴት ናት። ከፊሏ በሜሪላንድ፣ ከፊሏ በቨርጂኒያ ነው። በሜሪላንድ በኩል ባለው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ካምፕ ማድረግ ይችላል። በቨርጂኒያ በኩል ግን ውሻ መኪና ውስጥ ሆኖ እንኳ መግባት አይችልም። ስለዚህ «አሳቲግ ውሻ ይፈቀዳል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «በየትኛው በኩል?» ብላችሁ ጨምሩ።

የግል ካምፖች ሌላ ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ ለአርቪ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር አላቸው። አንዳንዶቹ ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚሮጥበት አጥር ያለው ሜዳ አላቸው። ነገር ግን የውሻ ብዛት ሊወስኑ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስከፍሉ ወይም አንዳንድ የውሻ ዝርያዎችን ላይቀበሉ ይችላሉ። የጓደኛዬ ቤተሰብ ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ አላቸው። ከፍለው፣ አምስት ሰዓት ነድተው፣ መሽቶ ከአንድ ካምፕ በር ሲደርሱ «ይህን ዝርያ አንቀበልም» ተባሉ። ልጆቹ ያን ሌሊት መኪና ውስጥ ተኙ። ማስታወቂያው ላይ የነበረው «ውሻ ይፈቀዳል» የሚል ብቻ ነበር።

ሦስቱ ጥያቄዎች

በፌዴራል መንግሥት ሥር ያሉትን አብዛኞቹን ካምፖች የምንይዘው ሪክሪኤሽን ዶት ገቭ በሚባለው ድረ ገጽ ነው። እያንዳንዱ የድንኳን ቦታ የራሱ ገጽ አለው። የቤት እንስሳ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ለምን ያህል ረጅም መኪና እንደሚበቃም ተጽፏል። እኔ ግን በዚያ አላቆምም። ወደ ፓርኩ ደውዬ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ውሻው የት ይተኛል? በአንዳንድ ካምፖች ውሻ የሚፈቀደው በተወሰኑ ረድፎች ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ የተፈቀደለት ውሻ እዚያው ካምፕ ውስጥ ባለው የእንጨት ጎጆ ላይፈቀድለት ይችላል።

ሁለተኛ፤ ውሻው የት ይሄዳል? የእግር መንገዶቹን ስም አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። በሸናንዶዋ እንኳ ታዋቂዎቹ የኦልድ ራግ፣ የስቶኒ ማንና የዳርክ ሆሎው ፏፏቴ መንገዶች ለውሻ ዝግ ናቸው።

ሦስተኛ፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻውን መቆየት ይችላል? በብዙ ቦታ መልሱ «አይችልም» ነው። ብቻውን የታሰረ ውሻ ይጮኻል፤ ጎረቤት ይረብሻል፤ የዱር እንስሳም ሊመጣበት ይችላል።

ሦስቱም መልሶች ሲሰበሰቡ ማን እንደሚቀር ታውቃላችሁ።

ድንኳን ወይስ አርቪ?

ብዙ ሰው ለውሻ አርቪ ይሻላል ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። በሸናንዶዋ ካምፖች የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ጄኔሬተር የሚፈቀደውም በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ ደግሞ የአርቪው ማቀዝቀዣ አይሠራም። ውጭው 70 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ወደ 90 ሊጠጋ ይችላል። ሰባ ዲግሪ ለሰው ደስ የሚል አየር ነው። ተዘግቶበት ለቀረ ውሻ ግን ሞት ሊሆን ይችላል።

አርቪ ከተከራያችሁ ቁመቱን እወቁ። በሸናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ከዚያ የሚረዝም መኪና አያልፍም። የኪራይ ድርጅቱም ውሻ ይፈቅድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ድንኳን ከመረጣችሁ ውሻው ሌሊት ውስጥ ይተኛ እንጂ ውጭ አይታሰር። ጥፍሩ የድንኳኑን ወለል እንዳይቀድ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉለት። ማታ ማታ ጆሮውንና ብብቱን እየዳበሳችሁ መዥገር ፈልጉ። የራሳችሁንም እግር እንዲሁ እዩ።

የእናቴ ጥያቄ

እናቴ ውሻ አትጠላም። ነገር ግን በእሷ ቤት ውሻ ግቢ ውስጥ ያድራል እንጂ ሳሎን አይገባም። ቡቺን መጀመሪያ ያየች ቀን እጇን ሰብስባ «ተከትቧል?» ብላ ጠየቀች። ልጅ ሳለች በሰፈሯ እብድ ውሻ የነከሰው ሰው አይታለች። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሴት ልጄ ሮጣ የቡቺን የክትባት ወረቀት አመጣችላት፤ ቀኑንም አነበበችላት። በቨርጂኒያ ሕግ ዕድሜው 4 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ የዚህ በሽታ ክትባት ሊኖረው ይገባል። ብዙ የግል ካምፖችም ያንኑ ወረቀት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ፎቶውን በስልካችሁ፣ ወረቀቱን በመኪናችሁ ያዙ።

በአውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ ድንበር ስትሻገሩ የውሻው ፓስፖርት፣ ማይክሮቺፕና ክትባት ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው ክትባት ከሆነ 21 ቀን መጠበቅ አለባችሁ። ወደ ፊንላንድ፣ አየርላንድ፣ ማልታ ወይም ኖርዌይ ከሄዳችሁ ውሻው ከመግባቱ ከ24 እስከ 120 ሰዓት በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት መውሰድ አለበት።

ቢግ ሜዶውስ

በመጨረሻ የመረጥነው በሸናንዶዋ ያለውን ቢግ ሜዶውስ ነው። በሰኔ ሦስት ሌሊት አደርን። እናቴ ጋቢዋን ለብሳ «አየሩ ያገሬን ይመስላል» አለች።

በመጀመሪያው ማታ ሥራ ነበረብን። እዚያ ጥቁር ድብ አለ። ስለዚህ ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ወይም ፓርኩ በሚፈቅደው ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። የውሻ ምግብም እንደዚያው ነው። ወንድ ልጄ የቡቺን ሳህን አጥቦ፣ ከእኛ ድስት ጋር መኪና ውስጥ አስገባ።

ሌላም ነገር ለእናቴ ማስረዳት ነበረብን። ከራት የተረፈውን ወጥ ለውሻ መስጠት ለእሷ ልማድ ነው። ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። እናቴ ሰማችና «ታዲያ ምን ይብላ?» አለች። ከዚያ በኋላ ወጥ ያልነካው እንጀራ እየቆረሰች በእጇ ትሰጠው ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ሁላችንም አብረን ሄድን። ከካምፑ ብዙም ሳይርቅ የአፓላቺያን የእግር መንገድ ያልፋል፤ እዚያ ውሻ ይፈቀዳል። እናቴ በትሯን ይዛ ቀስ እያለች ሄደች። ሲደክማት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እኛም አብረን ተቀመጥን። ሴት ልጄ ማሰሪያውን ይዛ ቀረብ ስትል እናቴ እጇን ዘረጋችና «አምጪው፣ እኔ ልያዘው» አለቻት።

በሦስተኛው ማታ የማናውቀው ሰው ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ሊጠይቀን ወደ እናቴ ወንበር መጣ። ቡቺ ተነስቶ ከፊቷ ቆመና ጮኸ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ። እናቴም የቡቺን ራስ ዳበሰችና «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለች። ልጆቼ ይህን ተረት ሰምተውት አያውቁም ነበር። ወንድ ልጄ ትርጉሙን ጠየቃት። «ማን እንዳጎረሰው ያውቃል ማለት ነው» አለችው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወጣቶች፣ በብዙ ቤት ስልኩን የምትደውሉትና ድረ ገጹን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ «ውሻ ይፈቀዳል» ብላችሁ ብቻ አትንገሩ። እነዚህን ጠይቃችሁ መልሱን በአማርኛ ንገሯቸው፦

• ውሻው የሚፈቀደው በየትኛው የካምፑ ክፍል ነው?
• የትኞቹ የእግር መንገዶች ለውሻ ክፍት ናቸው?
• ብቻውን መቆየት ይችላል?
• ስንት ውሻ ትቀበላላችሁ? የማትቀበሉት ዝርያ አለ?
• ተጨማሪ ክፍያ አለ? የክትባት ወረቀት ያስፈልጋል?
• ለአርቪ ኤሌክትሪክ አለ? ጄኔሬተር በስንት ሰዓት ይፈቀዳል?

መልሱን ካገኛችሁ በኋላ በቤታችሁ ሁልጊዜ «እናንተ ሂዱ» የሚለውን ሰው አስቡ። በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ቦታውን ስትመርጡ እሱም ሆነ እሷ አብረው የሚሄዱበትን ምረጡ።