የጠፈር መርከቡ ዓይነ ስውር መሐንዲስ

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ዓይኑ ምን ሆኖ ነው?»

የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ይህን የጠየቀኝ ቅዳሜ ማታ አብረን የቆየ የጠፈር ፊልም እያየን ሳለ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ከጆሮ እስከ ጆሮ በሚደርስ ብረት መሰል መነጽር ሸፍኗል። «ዝም ብለህ እይ» ብዬ አለፍኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በማስታወቂያ ላይ ማን እንደሚታይና ምን ሲያደርግ እንደሚታይ እመርጣለሁ። ደስተኛ ቤተሰብ ሳሳይ አንድም ቀን ዓይነ ስውር አባት ወይም እናት አስገብቼ አላውቅም። ልጆች ደግሞ በስክሪን ላይ ደጋግመው ያዩትን «ዓለም እንዲህ ነው» ብለው ይይዛሉ። ሳይንሳዊ ልብወለድ ስለ ነገው ዓለም የሚያወራ ስለሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ዓይነ ስውራን ቦታ አላቸው ወይ?

ብዙዎቹ ታሪኮች ዓይነ ስውርነትን ያቀረቡት እንደ መዓት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊንደም በ1951 ባሳተመው «የትሪፊዶች ቀን» ልብወለድ፣ በሰማይ የታየውን አረንጓዴ ብርሃን የተመለከተ ሁሉ በማግስቱ ማየት ተስኖት ይነሳል፤ አገርም ይፈርሳል። በፖርቹጋላዊው ጆዜ ሳራማጎ ልብወለድ ላይ የተመሠረተው ፊልም በ2008 ሲወጣ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን ተቃውሞ አሰምቷል። ዓይነ ስውራን ራሳቸውን እንኳ መምራት የማይችሉ ተደርገው መቅረባቸው ነበር ያስቆጣው።

ነገሩን ቀደም ብሎ የገለበጠው ኤች ጂ ዌልስ ነው። በ1904 ባወጣው «የዓይነ ስውራን አገር» በተሰኘው አጭር ልብወለድ፣ አንድ የሚያይ ሰው ከአንዲስ ተራሮች ተንሸራቶ፣ ለብዙ ትውልድ ሁሉም ሰው ዓይነ ስውር ከሆነበት ሸለቆ ይወድቃል። እነግሣለሁ ብሎ ሲያስብ የሚደናቀፈው እሱ ሆኖ ተገኘ። ቤቶቹ መስኮት የላቸውም፤ ሥራ የሚሠራው ቀዝቀዝ ባለው ሌሊት ነው። የመንደሩ ሐኪም ጭራሽ «የሚያስቸግሩት ዓይኖቹ ናቸው፣ ይውጡለት» አለ። ሰው የሚቸገረው በአካሉ ብቻ ሳይሆን ቤቱና መንገዱ እሱን ሳያስቡ በመሠራታቸውም ጭምር መሆኑን ታሪኩ በደንብ ያሳያል።

የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ሰውዬ ጆርዲ ላ ፎርጅ ይባላል። በ1987 በጀመረው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ተከታታይ ፊልም ውስጥ የመርከቡ ዋና መሐንዲስ ለመሆን የበቃ፣ ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ገጸ ባሕርይ ነው። ስሙ በ1975 ላረፈው ጆርጅ ላ ፎርጅ ለተባለ አካል ጉዳተኛ የፊልሙ አድናቂ መታሰቢያ ነው። በ1992 በቀረበ አንድ ክፍል ጆርዲ፣ ጉድለት አለበት የተባለ ፅንስ እንዳይወለድ ወደሚደረግበት ማኅበረሰብ ይሄዳል። እዚያ ቢሆን ኖሮ እሱም አይወለድም ነበር። ያን ሕዝብ ከጥፋት ያዳነው መላ የተገኘው ግን ከእሱ መነጽር ቴክኖሎጂ ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። መነጽሩ እኛ የማናየውን ሙቀትና የራዲዮ ሞገድ ሳይቀር ያሳየዋል፤ በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ተአምር የለም። ተዋናዩ ሌቫር በርተንም የሚያይ ሰው ነው። እንዲያውም መነጽሩን ሲያደርግ ገጸ ባሕርይው ያያል፣ ተዋናዩ ግን እይታው ይጋረድበት ነበር። በ2022 በጀመረው «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» ግን ዓይነ ስውሩን መሐንዲስ ሄመርን የተጫወተው ብሩስ ሆራክ በልጅነቱ በዓይን ካንሰር ምክንያት አብዛኛውን እይታውን ያጣ ተዋናይ ነው።

ታዲያ ከልጆቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ ሦስት ጥያቄ አንሱ። ይህ ሰው ሥራና ጓደኛ አለው ወይስ የገባው እንዲታዘንለት ነው? ደስተኛ የሚሆነው ዓይኑ ሲበራ ብቻ ነው? ተአምረኛው መሣሪያ ባይኖርስ በምን ይጠቀም ነበር? ለሦስተኛው መልሱ እጃችሁ ላይ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር የሚባለውን ከቅንብሮች ውስጥ አብሩትና ስልኩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ሲያነብ አሰሟቸው። ሲበራ አንዴ መንካት ለመምረጥ፣ ሁለቴ መንካት ለመክፈት መሆኑን ብቻ አትርሱ። ነጭ በትርና ብሬል ምን እንደሆኑም ንገሯቸው። ነገ በክፍላቸው ዓይነ ስውር ተማሪ ቢገባ ከንፈር ከመምጠጥ ይልቅ «ና እንጫወት» ማለት ይቀናቸዋል።

እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለፍኩትን ጥያቄ መለስኩ። «ዓይኑ አያይም። መርከቡ ሲበላሽ የሚጠግነው ግን እሱ ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አሁንስ ምኑ ነው የተበላሸው?» ብሎ ወደ ፊልሙ ተመለሰ።