አዲሱ አውሮፕላን አየር ጨመረልን፤ የክርናችንን ቦታ ግን ወሰደብን

ባለፈው ሰሞን ሃቫና ስትሪት ላይ ካሉት ቡና ቤቶች በአንደኛው ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አንዲት የማውቃት እህት ስልኳን እንደያዘች ወደ ጠረጴዛችን መጣች። እናቷን ወደ አዲስ አበባ ልትሸኝ ነው። እናትዬው ከሰባ አምስት አልፈዋል፤ እግራቸው ያብጣል፤ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የታላቅ እህታቸውን ተዝካር ሳላወጣ አልሞትም ብለው ተነስተዋል። ትኬት የምትቆርጥላቸው ሴት ሁለት ቀን አቅርባለች፤ ዋጋው ተቀራራቢ ነው። "የአንዱ ቀን ድሪምላይነር ነው፣ የሌላው ኤርባስ ነው ትለኛለች። ለመሆኑ ለእናቴ ምን ልዩነት አለው? አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ?" አለችኝ።

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ስለ አየር መንገዳችን ለመናገር ማንም አይቀድመንም። አንዱ ስለ ኩራት አወራ። ሌላው "እኔ በፖለቲካው ምክንያት እግሬን አላስገባም" አለ፤ ይህ ክርክር የቆየ ስለሆነ ለሌላ ቀን እናቆየው። ለልጅቱ ጥያቄ ግን ማናችንም መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ያገላበጥኩትን እነሆ ለእናንተም አቀርባለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አየር መንገዱ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩ። መንገደኛው በግድግዳው ርዝመት በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። የገጠር አውቶቡስ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ 1, 1984 ያለውን ዘለን እንሂድ። በዚያ ቀን የአየር መንገዱ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመት ከመካከላችን ስንቱ በእግሩ ወደ ሱዳን ይጓዝ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ 767 የተሳፈረ ሰው የወንበሩን አደራደር ያስታውስ ይሆናል። ኢኮኖሚ ክላስ በአንድ ረድፍ ሰባት ወንበር ነበረው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆኖ። ከሰባቱ መሐል ተጣብቆ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱን ወንበር ይዘው እንደ ሳሎናቸው ይጫወቱ ነበር።

በነሐሴ 2012 ቦይንግ 787 ድሪምላይነር መጣ፤ ከጃፓን ውጭ ለመንገደኛ አየር መንገድ ከተሰጡት የመጀመሪያው ነበር። የኛው አየር መንገድ 24 ቢዝነስ እና 246 ኢኮኖሚ፣ በድምሩ 270 ወንበር አስገባበት። በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ሰው፣ ሦስት ሦስት እየሆነ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከሰባት አንድ የነበረው የመሐል ወንበር ከዘጠኝ ሦስት ሆነ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ገና በንድፍ ላይ ሳለ በረድፍ ስምንት ወንበር እንዲይዝ ታስቦ ነበር። የጃፓኑ ጃል በረጅም መስመሮቹ ላይ ስምንት አድርጎ ሲበርበት ቆይቷል፤ ብዙዎቹ ግን ዘጠነኛውን ጨመሩ፤ የኛም ከብዙዎቹ ጋር ነው። ለዘጠነኛው ወንበር ቦታ የተገኘው ከስምንቱ ሰው ትከሻ ላይ ተቀንሶ ነው። የአንዱ ወንበር ስፋት 17 ኢንች አካባቢ ላይ ቀረ።

በ2016 የመጣው ኤርባስ A350ም በረድፍ ዘጠኝ ነው የሚይዘው። ነገር ግን የውስጡ ስፋት ከ787 በ12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚበልጥ ለእያንዳንዱ ሰው 18 ኢንች ያህል ይደርሰዋል። ልዩነቱ አንድ አውራ ጣት ነው። አንድ አውራ ጣት ለ13 ሰዓት ሲሆን ትንሽ አይደለም፤ በተለይ ጎረቤትዎ ጋቢ ለብሶ የተኛ እንደሆነ። በኅዳር 2024 ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያው የሆነው ትልቁ A350-1000 በ46 ቢዝነስ እና በ349 ኢኮኖሚ ወንበር ገብቷል።

እዚህ ድረስ ወቀሳ ነው፤ አሁን ምስጋናውን እንስጥ፤ ምስጋናውም ስለ አየሩ ነው። አውሮፕላን 35 እና 40 ሺሕ ጫማ ላይ ሲበር የውጭው አየር ለሰው አይበቃም፤ ስለዚህ ካቢኑ እንደ ኳስ በአየር ይነፋል። የአሉሚኒየም አካል በየበረራው ሲነፋና ሲተነፍስ ብረቱ ስለሚደክም ብዙ አይነፉትም ነበር። በድሮዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳ ነበር። 787 በክብደት ግማሹ፣ A350ም ከግማሽ በላይ የተሠሩት ከካርቦን ፋይበርና ከመሳሰለው ስለሆነ አካላቸው የበለጠ መነፋት ይችላል፤ የካቢናቸው አየር ከ6,000 ጫማ አይሳሳም። ካርቦን ስለማይዝግ ደግሞ በአየሩ ውስጥ ትንሽ ተጨማሪ እርጥበት መተው ይቻላል፤ ጉሮሮና ዓይን እንደ ድሮው አይደርቅም።

ይህን ቁጥር ወደኛ ሰፈር እናምጣው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። ቦሌ አየር ማረፊያ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ በድሮው 767 ውስጥ መቀመጥ ከቦሌ ሽቅብ ወደ ላይኛው ከተማ እንደመውጣት ነበር። በአዲሶቹ ውስጥ ግን የኦሮራ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ ከቤቱ ብዙም አልራቀም። እንዲያውም የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ በካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ግን ይሳሳል፤ ምክንያቱም ከተማችን ከካቢኑ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ወላጆች ያሏችሁ ይህን ለሐኪማቸው ንገሩ። ጭንቁ ሰማይ ላይ ብቻ ሳይሆን ከበሩ ከወጡ በኋላም ነው።

የቦሌ ከፍታ ሌላም ነገር ያደርጋል። በሳሳ አየር ላይ ሙሉ ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን መነሳት ስለሚከብደው፣ ከዋሽንግተን ሲሄድ በቀጥታ የሚገባው በረራ ሲመጣ እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ቦታዎች እየቆመ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። እናቶቻችን "መሄዱ ይቀላል፣ መምጣቱ ይረዝማል" የሚሉት ናፍቆት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሠራተኞቹ እንምጣ፤ ለኔ ትልቁ ጉዳይ ይኸ ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ደንብ ለየ50 ወንበር ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ይላል። በዚህ ስሌት ለ270 ወንበር ስድስት፣ ለ395 ስምንት ሰው ነው። ቁጥሩ የተሰላው ለምግብ አይደለም። አውሮፕላን የሥራ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በግማሾቹ በሮች ብቻ ሁሉም ሰው በ90 ሴኮንድ ሊወጣ እንደሚችል መረጋገጥ አለበት፤ ሆስተሷ ከሁሉ በፊት የበር ሰው ናት። ቡና ማቅረቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እነዚህ ሰዎች መቼ ይተኛሉ? በ787 ከመንገደኛው ጣራ በላይ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት መኝታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለአብራሪዎች ሁለት አልጋ፣ ከኋላ ለአስተናጋጆች አምስት ወይም ስድስት። መስኮት የለውም፣ ቀጥ ብሎ መቆምም አይቻልም፤ ግን አልጋ ነው። በድሮዎቹ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ በመጋረጃ የተከለለ የመንገደኛ ወንበር ላይ ነበር የሚያርፉት። ስለ አብራሪዎች ብዛት የአሜሪካ ደንብ ለራሷ አየር መንገዶች ያስቀመጠው ለማመዛዘን ይጠቅማል፤ ሁለት አብራሪ ቢበዛ 9 ሰዓት፣ ሦስት 13፣ አራት 17 ሰዓት ሊበሩ ይችላሉ። የድካም ነገር ቀልድ አይደለም። በነሐሴ 2022 ከካርቱም የመጣ የአየር መንገዱ 737 መውረጃው ደርሶ ሳይወርድ በአዲስ አበባ አናት ላይ አለፈ፤ ኋላ ተመልሶ በደኅና አረፈ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ተብሎ በዓለም ተወራ። አየር መንገዱ ከመቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት መቋረጡን ገልጾ አብራሪዎቹን እስኪጣራ ከሥራ አነሳ። ያ አጭር መስመር ነበር። ወንበር በጨመረ ቁጥር ሰውና እረፍት አብሮ መጨመሩን መጠየቅ ያለብን ትኬት ከፋዮቹ ነን።

ለነዚህ እናት ግን ከስፋቱም ከአየሩም የሚበልጠው፣ ሆስተሷ ጎንበስ ብላ "እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" ማለቷ ነው። የሚያስቸግረው ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን ያለው ነው፤ እዚያ "እማማ" የሚላቸው የለም። ስለዚህ ልጅቱ አስቀድማ ዊልቸር እንድታዝዝና አንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ስማቸውን፣ የሚቀጥለውን በረራና የሚወስዱትን መድኃኒት ጽፋ አንገታቸው ላይ እንድታንጠለጥል ነገርኳት። ስለ ወንበሩ ደግሞ ኤርባሱን፣ መተላለፊያው ዳር ያለውን አልኳት፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው እግራቸውን እንዲያፍታቱ። የአደጋ መውጫው ረድፍ በሩን ከፍቶ መውጣት ለማይችል አይሰጥም። የፊተኛው ግድግዳ ሥር ያለው ሰፊ ይመስላል፤ ግን ሕፃናት የሚተኙበት ነው፣ የክርን ማሳረፊያውም ጠረጴዛ ስላለበት ወደ ላይ አይነሳም። የመጨረሻው ረድፍ ከመጸዳጃው ወረፋ ጋር ይውላል።

በማግስቱ ደወለች። ሁሉንም ተስማምታለች፤ እናትዬው ግን አልተስማሙም።

"መስኮት ዳር ነው የምፈልገው ብላኛለች" አለችኝ።

"እግራቸውስ?"

"ይበጥ አለች። ጠዋት ነው አሉ የሚገባው፤ አገሬን ከላይ ሳላይ አልወርድም ብላለች።"

የ787 መስኮት እንደ ድሮው ወደ ታች የሚጎተት መዝጊያ የለውም፤ በቁልፍ ይጠቁራል፣ ሠራተኞቹም ከፈለጉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጥቁረው መቆለፍ ይችላሉ። ብዙ ሰው ዓባይን እያለፈ ጥቁር መስተዋት ሲያይ እንደኖረ አውቃለሁ። ይህን ስነግራት ሳቀችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሆስተሷን እንዲከፈትልኝ ብለምናት እሺ ትለኛለች?"

"በአማርኛ ይጠይቋት እንጂ እሺ ትልዎታለች" አልኳቸው።