ሙታኑ የማን ልጆች ናቸው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ካፒቶል ሂል፣ ከብሮድዌይ ጎዳና ብዙም በማይርቅ የጓደኛዬ አፓርታማ፣ ፊልም ለማየት አራት ሆነን ተሰብስበን ነበር። ውጭ የሲያትል ዝናብ ያካፋል፤ ቡናው ተፈልቷል፣ ቆሎው ቀርቧል። ባለቤቱ «የጦርነትም የሚያስፈራም ፊልም ነው፤ ዛሬ እንቅልፍ የለም!» ብሎ ዲስኩን ከተተ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊልሙ ሳይጋመስ አንዱ ወዳጃችን ያንኮራፋ ጀመር።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «አውትፖስት» ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሮቹ መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው እንደጀመሩት ይነገራል። እኛም ያለንን ሁሉ አስይዘን የወጣን ሰዎች ነንና በድህነቱ አልስቅበትም። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ቅጥረኛ ወታደሮች አንድ ሰው አጅበው ምሥራቅ አውሮፓ ወደሚገኝ አሮጌ የጀርመኖች ምሽግ ይገባሉ። እዚያ ናዚዎች የተዉት መሣሪያ የሞቱ ወታደሮችን ያስነሣል። ከዚያ ወዲያ ጨለማና ተኩስ ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ ያልቃሉ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር የነበሩ ናቸው። «እነዚህ ሰዎች ውሃ አይጠማቸውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። ጥማት የለ፣ ቅማል የለ፣ ከቤት የመጣ ደብዳቤ የለ። የማን ልጆች እንደሆኑ ሳናውቅ ቢሞቱ ምን ያስደነግጠናል?

የገንዘብ እጥረት ሰበብ አይሆንም። በዚያው በ2008 የኛው ኃይሌ ገሪማ ገንዘብ እያጠረው ለዓመታት የለፋበትን «ጤዛ»ን አወጣ። በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘበት። እዚያ ፊልም ውስጥ ከመቃብር የሚነሣ የለም። የመንደር ልጆች ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ፤ ወታደሮች ያሳድዷቸዋል። እንቅልፍ ያጣሁት ያን ባየሁበት ሌሊት ነው።

ምክንያት አለኝ። በ1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ኮርኒስ ላይ ተደብቋል፤ እኔ ከሥሩ ደብተሬን ዘርግቼ የማጠና መስያለሁ። አፋሾቹ ገቡ። ጓዳውን አይተው፣ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ሊወጡ ሲሉ ከላይ ትንሽ አቧራ ደብተሬ ላይ ረገፈ። በእጄ ጠረግሁት። አንደኛው እጄን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን የጎረቤት ልጆች በባዶ እግራቸው ተመለሱ። የኛ አልመጣም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ የግቢያችንን በር ማታ ቀርቅራ አታውቅም። «ድንገት ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?» ትል ነበር።

በ«አውትፖስት» የሞቱት ወታደሮች ተነሥተው በሌሊት ሲመጡ ተመልካቹ እንዲጮኽ ነው የተፈለገው። እናቴ ብትሆን ሮጣ ትከፍት ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ቅዳሜ ማታ ጊዜ ካላችሁ «ጤዛ»ን ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዩት። ዋሻው ጋ ሲደርስ «እነዚህ ልጆች ለምን ይደበቃሉ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ንገሯቸው። እኔ የደብተሩን ነገር ለሰው የተናገርኩት ገና ባለፈው ቅዳሜ፣ ፊልሙ አልቆ ጋሼ ኮታቸውን ሲያነሡ ነው። ኮታቸውን መልሰው አስቀምጠው ተቀመጡ።