ስለ ልዕለ ሐምራዊ ብርሃንና ስለ ሲሊከን ዐይን

«ልዕለ ሐምራዊ» የተባለው ብርሃን ስሙን ያገኘው ከስፍራው ነው። «ልዕለ» የሚለው ቃል «ልዑል» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን በላይ መሆንን ያመለክታል፤ ሐምራዊም በቀስተ ደመና ጠርዝ የሚገኘው የመጨረሻው ቀለም ነው። እንግዲህ ስሙ ከሐምራዊ አልፎ ያለውን፥ የሰው ዐይን የማያየውን ብርሃን ይገልጻል። ይህን ብርሃን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1801 ዓ.ም. ያገኘው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ሪተር በብር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት በፕሪዝም በተከፈለ የፀሐይ ብርሃን ላይ ባኖረ ጊዜ፥ ወረቀቱ ከሐምራዊው ወዲያ፥ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ፥ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ጠቈረ።

ዛሬ ይህ ብርሃን በብዙ አገር የመጠጥ ውሃን ከተሕዋስያን ለማጥራት ያገለግላል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት መብራቶች ብዙዎቹ በሜርኩሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም የሚወጣው ጨረር የሞገዱ ርዝመት 254 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር ማለት የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። መብራቱ ሲያረጅ ግን ሰማያዊው ውጋጋን ለዐይን እንደ በራ ይታያል፤ ተሕዋስያንን የሚገድለው ጨረር ግን ደክሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ዐይን በማያየው ነገር ላይ የሚመሰክር ዳሳሽ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ዳሳሾች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከሲሊከን ነው፤ ሲሊከንም ከአሸዋና ከነጭ ድንጋይ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ብርሃን በላዩ ሲያርፍ በውስጡ የታሰረ ኤሌክትሮን ይፈታል፤ የተፈቱት ኤሌክትሮኖች ተሰብስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲሆኑ የብርሃኑ መጠን ይታወቃል። ኤሌክትሮኑን ለመፍታት የሚበቃው ኃይል 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፥ የ254 ናኖሜትር ብርሃን አንዱ ቅንጣት 4.9 ያህል ይይዛል። እንግዲህ ችግሩ የኃይል ማነስ አይደለም።

ችግሩ ያለው በቆዳው ነው። ቀይ ብርሃን በሲሊከን ውስጥ ብዙ ሺህ ናኖሜትር ዘልቆ ይገባል፤ ልዕለ ሐምራዊው ግን ከግማሽ የሚበልጠው ከገጹ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ከገባውም አብዛኛው 10 ናኖሜትር ሳይዘልቅ ይዋጣል። በገጹ ላይ ደግሞ የአቶሞች ሥርዐት የተጓደለ ስለሆነ፥ በዚያ የተፈታው ኤሌክትሮን ወደ መሰብሰቢያው ሳይደርስ ተይዞ ይቀራል። ብርቱ መልእክተኛ ደጃፍ ላይ ወድቆ መልእክቱ ወደ ቤት እንዳልገባ ያህል ነው።

ለዚህ ሦስት መላ ተገኘ። የመጀመሪያው፥ ገጹን ልዕለ ሐምራዊውን ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን በሚመልስ ነገር መቀባት ነው፤ በ1993 ዓ.ም. ሀብል በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ የተተከለው ካሜራ እንዲህ ነበር። ሁለተኛው፥ ሲሊከኑን አቅጥኖ ገልብጦ፥ ብርሃኑ ሽቦና ኤሌክትሮድ በሌለበት በጀርባው እንዲገባ ማድረግ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ቴሌስኮፕ የገባው ካሜራ በዚህ መንገድ ከ200 ናኖሜትር ጀምሮ ያያል። ሦስተኛው፥ በጀርባው ገጽ አጠገብ እጅግ ስስ የሆነ የቦሮን አቶሞች ድርብ ማኖር ነው፤ ድርቡም ኤሌክትሮኑን ከገጹ ገፍቶ ወደ መሰብሰቢያው ይሰደዋል። ይህን በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሊቃውንት በጽሑፍ አስታወቁ።

ሲሊከን ሌላም ጠባይ አለው። የማይታየውን ብቻ ሳይሆን የሚታየውንም ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ ሰማያዊው ውጋጋን እንዳያሳስተው የሚታየውን ብርሃን የሚከለክል ማጣሪያ በፊቱ ይደረጋል። ሲሊከን ካርባይድ የተባለው ውሑድ ግን ለሚታየው ብርሃን ከሞላ ጎደል ዕውር ስለሆነ፥ በውሃ ማጣሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው፤ ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን ራሱ የሲሊከኑን ገጽ በጊዜ ብዛት ይጎዳል፤ ዳሳሹም እንደ መብራቱ ያረጃል። ንባቡ ሲያንስ የደከመው መብራቱ ይሁን ዳሳሹ ከንባቡ ብቻ አይለይም። ስለዚህ ዘወትር ብርሃን የማይነካው፥ ተጠብቆ የሚኖር ሌላ ዳሳሽ በየጊዜው ወጥቶ ከእርሱ ጋር ይመሳከራል፤ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ደኅንነት በዚህ ማመሳከር ላይ የቆመ ነውና።