ስምና ሥራ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟም ከሐሙስ ቀን የመጣ ነው። ሰውም አገርም በስም ይታወቃል። ያሬድ የሚባል ልጅ በሐሙሲትም በሌላም አገር አይታጣም። ነገር ግን ስሙን የሚጠራ ሁሉ የፊተኛውን ያሬድ ሥራ አያውቅም።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ የዜማ ሊቅ ነው። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ስላለ መምህሩ ጌዴዎን ገረፈው፤ እርሱም ኰብልሎ ሄደ ተብሎ ይተረካል። ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ባረፈ ጊዜ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ ብዙ ጊዜ ወደቀ፤ በመጨረሻ ግን ከላይ ደረሰ። ልጁም በራሱ አፍሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ለምኖ ተግቶ ተማረ። ኋላም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ 3 ዜማዎች የሚዜመውን ድጓን ደረሰ። ይህን ድጓ በጋይንት ባለችው በቤተ ልሔም ደቀ መዛሙርት እስከ ዛሬ ይማሩታል። በአዲስ አበባም አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም ይጠራል። በዚያ ክራርና መሰንቆ፥ ፒያኖም ይማራሉ። ያሬድ ፒያኖን አላየም፤ ስሙ ግን ዜማ ለሚማሩ ሁሉ ምልክት ሆነ።

በሮምም ኦቪድ የሚባል ባለ ቅኔ ነበረ። ንጉሡ አውግስጦስ በአውሮጳ አቆጣጠር በ8 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ቶሚስ ሰደደው። ኦቪድም በስደት ሳለ ቅኔ መጻፍን አልተወም፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በዚያው ሞተ። ያች ከተማ ዛሬ በሮማንያ ኮንስታንታ ትባላለች። በ1887 የተተከለ ሐውልቱ በአደባባይዋ ቆሟል፤ ዩኒቨርሲቲዋም በስሙ ይጠራል። ስደት ሰውየውን ከአገሩ ለየው፤ ስሙን ግን ሊያጠፋው አልቻለም።

ስም ከወላጅ ይገኛል፤ ክብሩ ግን በሥራ ነው። ያሬድ የተባለ ልጅ ፊደል ከብዶት መጽሐፉን ቢጥል፥ ስሙ ብቻ ማንበብን አያስተምረውም። ወድቆ የሚነሣ፥ ተሳስቶም ደግሞ የሚያነብ ልጅ ግን ስሙ ከበደም ቢሆን አበበም ቢሆን የያሬድ ባልንጀራ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ስለ እንዲህ ያለ ሰው ነው።