በተፈጥሮ ጋዞች የሚሠሩ የከፍተኛ ሙቀት ፓምፖችና የሆስፒታል ሙቅ ውኃ

መግቢያ

ሆስፒታል ያለ ሙቅ ውኃ አይሠራም። የልብስ ማጠቢያው፣ የወጥ ቤቱ፣ የታካሚዎች መታጠቢያና የመሣሪያ ማምከኛው ክፍል ሁሉ ሙቀት ይፈልጋሉ። ይህን ሙቀት ለረጅም ዘመን ሲያቀርቡ የቆዩት ቦይለሮች ሲሆኑ፣ ዛሬ በአማራጭነት ከቀረቡት አንዱ የሙቀት ፓምፕ ነው። መሣሪያውን የሚመርጠው መሐንዲስ ቢሆንም፣ ውኃው ስንት ዲግሪ መድረስ እንዳለበትና ጋዙ ቢያፈተልክ በሰው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል የማስረዳት ኃላፊነት የጤና ባለሙያው ነው።

አሠራሩ

የሙቀት ፓምፕ የሚሠራው እንደ ፍሪጅ ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በዝቅተኛ ግፊት ከአየር፣ ከውኃ ወይም ከፍሳሽ ሙቀት ወስዶ ይተናል፤ ኮምፕሬሰሩ ተኑን ሲያምቀው ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ይህንንም ሙቀት ለሚሞቀው ውኃ ይሰጣል። ኤሌክትሪኩ ሙቀትን ለማጓጓዝ ስለሚውል፣ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምንጭ ተነሥቶ 80 ዲግሪ ለመድረስ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሊገኝ ይችላል። የሚፈለገው ሙቀት 134 ዲግሪ ከሆነ ግን ውጤቱ ወደ ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

የተፈጥሮ ጋዞች ለምን ተመረጡ?

እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ካስወገደ በኋላ የተተኩት ሰው ሠራሽ ጋዞች ምድርን በእጅጉ የሚያሞቁ ሆነው ተገኙ። አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1300 ጊዜ ያህል የበለጠ ያሞቃል። በ2016 የተደረሰበት የኪጋሊ ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀዝቃዛ ውኃን በአንድ ጊዜ እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይመቻል፤ በጃፓን ከ2001 ጀምሮ ለቤት ውስጥ ውኃ ማሞቂያነት ተሠራጭቷል። የሚገባው ውኃ አስቀድሞ ለብ ያለ ከሆነ ግን ብቃቱ ይቀንሳል። አሞኒያ በኖርዌይ ድራመን ከተማ የባሕር ውኃን ሙቀት ወስዶ የከተማውን ማሞቂያ መሥመር 90 ዲግሪ ያደርሳል። ይሁን እንጂ አሞኒያ ከ132 ዲግሪ በላይ በግፊት ወደ ፈሳሽነት ስለማይለወጥ ለ134 ዲግሪ ኦቶክሌቭ እንፋሎት አይመችም። ለዚህ እንደ ቡቴንና ፔንቴን ያሉ ተቀጣጣይ ጋዞች ይሻላሉ።

ሌጂዮኔላ

በ1976 በፊላደልፊያ በተከሰተው ወረርሽኝ ምክንያት የታወቀው ይህ ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ በሚገባ ይራባል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል የማጠራቀሚያውን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ሳንባቸው የታመመና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ታካሚዎችን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውኃ ከ60 ዲግሪ፣ በመሥመሩ ዞሮ የሚመለሰው ደግሞ ከ50 ዲግሪ እንዳያንስ ያስፈልጋል። የ60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳን ስለሚያቃጥል በታካሚዎች መታጠቢያ ላይ ቀዝቃዛና ሙቅ ውኃ የሚያደባልቅ መቆጣጠሪያ ይገጠማል።

ጋዙ ቢያፈተልክ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድም በምድር ቤት ይከማቻል። ራስ ምታትና የትንፋሽ መፋጠን ያስከትላል፤ መጠኑ ሲበዛም ራስን ያስታል። የመተንፈሻ መሣሪያ ያልያዘ ሰው የወደቀውን ለማንሣት ቢገባ እሱም ሊወድቅ ይችላል። አሞኒያ በሽታው ቶሎ ይታወቃል፤ ነገር ግን ዓይንንና የአየር ቧንቧን ያቃጥላል። ተጎጂው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ልብሱ መውለቅ፣ ዓይኑና ቆዳው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። የጉሮሮ እብጠት ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል በክትትል ሥር ይቆያል። ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር የሚከብዱና ተቀጣጣይ ስለሆኑ መሣሪያው ከሕንፃው ውጪ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከአየር ማስገቢያ ርቆ ይተከላል።

ማጠቃለያ

የሙቀት ፓምፕ ለመታጠቢያ፣ ለወጥ ቤትና ለልብስ ማጠቢያ ውኃ በሚገባ ያገለግላል። የማምከኛውን እንፋሎት ግን ለብቻው ባለ አነስተኛ ቦይለር ማቅረብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ዕቅዱ ሲወጣ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው አብሮ ከተቀመጠ፣ የሚፈለገው የሙቀት ልክና የአደጋ ጊዜ አሠራር ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ይወሰናል።